«እኔስ አልመረቅም ወይ?»

በሕይወቴ አንድ ጊዜ ሽማግሌ ሆኜ ተቀምጫለሁ። ያኔ ዕድሜዬ ሃያ ዓመት ነበር። ጢሜ በቅጡ አልወጣም፣ ጋቢ የለኝም፣ ከዘራም አልያዝኩም። የተቀመጥነው ዋርካ ሥር አይደለም፤ ከምንማርበት ግቢ ጀርባ ባለች አንዲት ሻይ ቤት ጓዳ ውስጥ ነው። ጊዜው መጋቢት 1986 ዓ.ም. ነው። አምስት ነበርን። አምስታችንም ወንዶች፣ አምስታችንም ተማሪዎች፣ አምስታችንም የአንድ አገር ልጆች። ልናስታርቅ የተሰበሰብነው አንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪንና አንዲት ፍሬሽ ተማሪን ነበር።

ነገሩን «ጠብ» ነበር ያልነው። «እከሌና እከሊት ተጣልተዋል፣ የአገር ልጆች ሆነው ዝም አንልም» ተባለ። ምን እንደተፈጠረ ግን ሁላችንም እናውቃለን። ቅዳሜ ማታ «ያለፈ ፈተና አለኝ፣ ልስጥሽ» ብሎ ወደተከራየው ቤት ወሰዳት። በሩን ቆለፈ። ልጅቷ ወደ ዶርሟ የተመለሰችው እሑድ ጠዋት ነው።

ጓዳው ውስጥ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ አቀርቅራ ተቀምጣለች። ከመካከላችን አንደበቱ የሚቀናው ንግግር ከፈተ። «ልጁ ሊመረቅ አራት ወር ነው የቀረው። እናቱ ጠላ ሸጣ ነው ያስተማረችው። የሰው ሕይወት አናበላሽ። አንቺም ብትሆኚ ስምሽ በግቢው ባይወራ ይሻልሻል» አላት። ሌላው ደግሞ «ከተስማሙ ለምን አያገባትም?» አለ። እኔ ምንም አልተናገርኩም፤ ጭንቅላቴን ግን በአዎንታ እየነቀነቅኩ ነበር።

እሷ እስከዚያ ድረስ ቃል አልተነፈሰችም። ቀና አለችና «እኔስ አልመረቅም ወይ?» አለች።

የመለሰላት የለም። ልጁ ተነሥቶ ጉልበቷን ሳመ። «ይቅር በይኝ» አለ። «ይቅር ብላዋለች» ተባለ። ሻይ ታዘዘ።

በሦስተኛው ሳምንት ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። «ዊዝድሮው አድርጋለች፣ አሟት ነው» ተባለ። ልጁ በሐምሌ ተመረቀ። ፎቶ አብረነው ተነሥተናል፤ ፎቶው ዛሬም ቤቴ አለ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን የማወራው ንስሐ ለመግባት ብቻ አይደለም። ንስሐውስ ለሚመለከተው ነው የሚነገረው። ለብዙ ዓመት ሲከነክነኝ የኖረው ሌላ ጥያቄ ነው። እኛ አምስታችን ማርክስንም ሳይኮሎጂንም ያነበብን፣ «ኋላቀር ልማድ» እያልን ስንከራከር የምናመሽ ልጆች ነበርን። ታዲያ እንዲህ ያለውን ነገር ሻይ አዝዞ መጨረስን ማን አስተማረን? መምህራን አላስተማሩንም። ከቤታችን ይዘነው ነው የመጣነው። ቤታችን ደግሞ ታሪክ አለው።

እስኪ ከጠለፋው እንጀምር። በብዙ የአገራችን ክፍል አንድ ጎረምሳ ልጅቷን ከውኃ መንገድ ወይም ከትምህርት ቤት መልስ አድብቶ ይጠልፋታል፤ ዘመድ ቤት ይደብቃታል፤ ይደፍራታል። ከዚያ ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌው የሚጠይቀው «ልጅቷ ምን ሆነች?» ብሎ አይደለም፤ «ሁለቱ ቤተሰቦች እንዳይጋደሉ ምን ይደረግ?» ብሎ ነው። ጥያቄው በቦታው ከንቱ አይደለም። ፖሊስ በሌለበት፣ ፍርድ ቤት የሁለት ቀን መንገድ በሆነበት አገር አንድ ጠለፋ ሰባት ሰው ሊያስገድል ይችላል። ሽማግሌ ደም አድርቋል፤ ይህን ውለታውን አልክድም። ግን የደሙ ማድረቂያ ሁልጊዜ እሷ ነበረች። ካሳው ለአባቷ ይቆጠራል፤ እሷ ደግሞ ለደፈራት ሰው ሚስት ትሆናለች። «አንዴ ሆኗል፣ ከእንግዲህ ማን ያገባታል?» ይባላል። እናቷም እንደዚያው ተጠልፋ ያገባች ልትሆን ትችላለች፤ ስለዚህ አልቅሳ ዝም ትላለች።

«ይህማ የገጠር ነገር ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ተዉ እንጂ! ከባላገሩ ሽማግሌ ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ ሕጉ ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በጊዜው የዘመናዊነት መለያ ነበር። ረቂቁን ያዘጋጁት ዣን ግራቨን የተባሉ የስዊዘርላንድ የሕግ ሊቅ ናቸው። ሕጉ ለአስገድዶ መድፈር እስከ 10 ዓመት፣ ለጠለፋ ደግሞ እስከ 3 ዓመት ብቻ የሚደርስ እስራት ደነገገ። ከዚያ በአንቀጽ 599 ላይ አንድ ትንሽ በር ተወ፤ ተደፋሪዋ በፈቃዷ ደፋሪውን ካገባችው ክስ አይቀርብም ይላል። በጠለፋውም አንቀጽ ተመሳሳይ በር አለ። «በፈቃዷ» የሚለውን ቃል አስተውሉልኝ። የተቆለፈ ቤት ውስጥ ያለች፣ ስሟ የጠፋ፣ አባቷ ካሳ የተቀበለ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ፈቃዷ ምን ሊሆን ነው?

እንግዲህ ያቺ የሻይ ቤት ጓዳ ውስጥ «ለምን አያገባትም?» ያለው ጓደኛችን ኋላቀር ስለነበረ አይደለም የተናገረው። ሳያውቀው የአገሪቱን ሕግ መጥቀሱ ነበር። ያ አንቀጽ በ1986 ዓ.ም. ገና አልተሻረም።

አሁን ወደ ግቢው እንግባ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው በ1943 ዓ.ም. ነው። በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ንጉሡ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለትምህርት ሰጡ። በ1967 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሴቶቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አንዲት ሴት ያንን በር ለማለፍ ከቤተሰብ፣ ከጋብቻ ጥያቄ፣ ከመንደር ወሬ ጋር ተናንቃ ነው የምትመጣው። ከገባች በኋላስ? ከገባች በኋላ በሺህ የወንድ ዓይን መካከል ትሄዳለች። አለባበሷ የሁሉም ጉዳይ ነው፤ አረማመዷ የሁሉም ጉዳይ ነው።

ይህ ነገር በአደባባይ የፈነዳበት ቀን አለ። መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ራስ መኰንን አዳራሽ ውስጥ የፋሽን ትርዒት ተዘጋጀ። ዘመኑ የሚኒ ስከርት ዘመን ነው። የተማሪው ንቅናቄ ደግሞ «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ ከወጣ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ወንዶቹ ተማሪዎች ትርዒቱን የምዕራባውያን የባህል ወረራ ነው አሉ፤ ገበሬው እየተራበ ቅንጦት ነው አሉ። ክርክሩ በራሱ ክፋት የለውም፤ ሰው ፋሽን ሊጠላ ይችላል። ነገር ግን በዚያ ቀን ለትርዒቱ በመጡት ሴቶች ላይ የወረደው ክርክር አልነበረም። ስድብ ወረደባቸው፣ ዕንቁላል ተወረወረባቸው፣ በጥፊ የተመቱም ነበሩ። ፖሊስ ገባ፤ የተማሪ መሪዎች ታሠሩ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ታሪኩ እንዴት እንደተነገረ ልብ በሉ። መንግሥት ተማሪውን እንዴት እንደመታ ተወራ፤ ተማሪው እንዴት እንደታገለ ተወራ። የታሠሩት ወንዶች ስም ቀረ። ዕንቁላል የፈሰሰባቸው ሴቶች ማታ ዶርም ገብተው ምን እንደተባባሉ ግን ብዙም ጠያቂ አላገኘም። ከዓመታት በኋላ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴን የመሰሉ የታሪክ ምሁራን የንቅናቄውን ታሪክ ሲጽፉ ነው ያ ቀን ወደ መድረክ የተመለሰው።

ሚዛን ለመጠበቅ ያህል፣ ያው ንቅናቄ በኋላ «የሴቶች ጥያቄ» የሚለውን ነገር ይዞ ብዙ ጽፏል። ሴቶችም በዚያ ትግል ውስጥ ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። የሕክምና ተማሪዋ ማርታ መብራህቱ ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. በአውሮፕላን ጠለፋው ሙከራ ስትሞት ከወንዶቹ እኩል ነው የሞተችው። እኩል ትሞታለች፤ እኩል ትታሠራለች። ቢሆንም «የሴት ጥያቄ ከአብዮቱ በኋላ ይፈታል» ይባል ነበር። አብዮቱ መጣ፣ ሄደ። ጥያቄው እዚያው ዶርም በር ላይ ቆሞ ቀረ።

አንድ ነገር ደግሞ ከቋንቋችን ልጨምር። እኛ «ደፋር» ስንል እያሞገስን ነው። ልጃችንን «ደፋር ሁን» እንለዋለን። «ደፈራት» ስንል ደግሞ ያንን ክፉ ነገር ማለታችን ነው። ቃሉ አንድ ነው። ዘመዶቼ፣ ቋንቋን መውቀስ ቀላል ነው፤ ቋንቋ ግን የሚያውቀውን ነው የሚናገረው። ጎረምሳው ሴት ልጅ ላይ የሚያሳየውን ጉልበት ስንት ጊዜ በጀግንነት ቆጠርንለት? ግቢ ውስጥም ቢሆን «ጠበሳት» ተብሎ ሲወራለት ደረቱን የሚነፋው እሱ ነው። «ተጠበሰች» የምትባለው እሷ ናት፤ ማን እንደተቃጠለ ከቃሉ መረዳት ይቻላል።

ለውጡ ከየት ጀመረ? ከሴቶቹ ነው የጀመረው። በ1985 ዓ.ም. የሴቶች ፖሊሲ ወጣ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ስለ ሴቶች እኩልነት ደነገገ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩን ታዋቂ ያደረገው ጉዳይ አርሲ ውስጥ የተፈጸመ ነው። በ1989 ዓ.ም. አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ተደፈረች፤ ለማምለጥ ስትሮጥ ሲከታተላት በያዘችው ጠመንጃ ጠላፊዋን ገደለችው። የማኅበሩ ጠበቆች «ራሷን መከላከሏ ነው» ብለው ቆሙላት፤ ነፃ ወጣች። በዚህ ታሪክ ላይ የተመሠረተው ፊልም በ2006 ዓ.ም. ለዓለም ሲታይ ስሙ «ድፍረት» ነበር። ሁለቱንም ትርጉም ነው የያዘው፤ የደረሰባትንም ያደረገችውንም።

መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። ማኅበሩ ስለ ጥቃት ጉዳዮች የፍትሕ አካላትን በይፋ መተቸት ሲጀምር በ1993 መጨረሻና በ1994 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለጊዜው ታግዶ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎትና የማኅበራት አዋጅ ደግሞ ከገቢያቸው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በመብት ጉዳይ እንዳይሠሩ ከለከለ። ነፃ ጠበቃ ታገኝ የነበረችው ድሃ ሴት በሯ ተዘጋ ማለት ነው። አዋጁ የተለወጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። አሥር ዓመት! አንድ የሕግ አንቀጽ ለፖለቲካ ሲባል ሲጻፍ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ለማየት ይኸ ይበቃል።

ሕጉም ተለውጧል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 አደረገው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል በአንቀጽ 620 ለአስገድዶ መድፈር ከ5 እስከ 15 ዓመት ደነገገ። ዕድሜዋ ከ13 በላይ ሆኖ 18 ካልሞላት፣ ወይም ብዙ ሆነው ካደረጉት እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። የጠለፋው ቅጣት ከ3 እስከ 10 ዓመት ሆነ። ከሁሉ በላይ ያቺ ትንሽ በር ተዘጋች፤ ማግባት ከክስ አያድንም። በተጨማሪም ከመደፈር የመጣ ጽንስን ማቋረጥ የሚቻልበት ሁኔታ ተፈቀደ፤ ለዚህም የሴቲቱ ቃል በቂ ነው ተባለ። ከዚያ በፊት ስንት ተማሪ በድብቅ በየጓሮው ሄዳ ሕይወቷን እንዳጣች እናቶቻችንና ነርሶቻችን ያውቃሉ።

ጉድለትም አለው። ሕጉ በጋብቻ ውስጥ ያለውን አስገድዶ መድፈር አልነካም። መምህር በተማሪው ላይ ሥልጣኑን ተጠቅሞ ሲያስገድድ የሚመለከተው አንቀጽ 625 አለ፤ ግን ክሱ የሚነሣው እሷ አቤት ስትል ነው፣ ቅጣቱም ቀላል እስራት ነው። ነጥቧ እጁ ላይ ያለ መምህርን ከስሳ በሚቀጥለው ሴሚስተር እዚያው ክፍል መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። «ኤ ወይስ ኤፍ» የሚለውን ቀልድ ስንሰማ ስቀን ነበር። ቀልድ አልነበረም።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት ሁለት ነበሩ፤ አዲስ አበባና ዓለማያ። ከዚያ ኮሌጆቹ እያደጉ፣ አዳዲሶቹም በ1999 ዓ.ም. ገደማ በአንድ ጊዜ 13 ያህል እየተከፈቱ፣ ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ደርሰዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የእኔ እናት ልጇን ዩኒቨርሲቲ ማስገባት ሕልም ነበር የሆነባት፤ ዛሬ በየቀበሌው የተመረቀች ሴት አለች። ለሴቶች የመግቢያ ነጥብ ዝቅ ተደርጎ የተሰጠው ድጋፍም ብዙዎችን አስገብቷል።

ግን ሕንፃው ከመብራቱ ቀደመ። አጥሩ ሳያልቅ ተማሪው ገባ። ዶርም ሲጠብ ውጭ ቤት የሚከራይ በዛ። ከላይብረሪ እስከ ሴቶች ዶርም ያለው መንገድ ጨለማ ነው። ከግቢው በር ወጣ ሲባል ጫት ቤት፣ ቀጥሎ መጠጥ ቤት፣ ቀጥሎ አልጋ ቤት ተደርድሯል። አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላት ልጅ ከወላጇ ቤት በአውቶቡስ ሁለት ቀን ተጉዛ፣ ቋንቋውን ወደማታውቀው ከተማ ትመደባለች። ኪሷ ውስጥ ያለው የወር ወጪ ሳሙናና ሞዴስ ገዝቶ አያልቅም የሚባል ዓይነት አይደለም። «አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ» የሚላት የአገሯ ልጅ፣ ሲኒየር፣ የዌልካም ፓርቲው አዘጋጅ ነው። ብዙ ጊዜ አደጋውም ከዚያው ነው የሚመጣው። ጨለማ ውስጥ ካደፈጠው ሰው ይልቅ ኖት የሚያውሳት ሰው ነው የሚያስፈራው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። በ1990 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በአዲስ አበባና በምዕራብ ሸዋ የሁለተኛ ደረጃ ሴት ተማሪዎችን ጠይቆ ነበር። ከመቶ አምስቱ መደፈራቸውን፣ አሥሩ ደግሞ የመደፈር ሙከራ እንደደረሰባቸው ተናገሩ። እነዚህ ገና ዩኒቨርሲቲ ያልገቡ ልጆች ናቸው። በ2000 ዓ.ም. የታተመ ሌላ ጥናት ሐዋሳ ውስጥ ከ1,300 በላይ የኮሌጅ ሴት ተማሪዎችን አነጋግሮ ከአሥሩ ስድስት ያህሉ በሕይወታቸው አንድ ዓይነት ጾታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው አገኘ። ቀጥሎ የመጣው ጥናት ጥቃት የደረሰባቸው ተማሪዎች ላይ የድብርት ምልክት ከሌሎቹ በልጦ እንደሚታይ አሳየ። በዚያው ከተማ ወንዶቹም ተጠይቀው ነበር። አጥቂ ሆኖ የመገኘቱ ነገር እናቱ ስትደበደብ እያየ ባደገውና ጫት በሚያዘወትረው ላይ ጎልቶ ታየ። ይህን ባነበብኩ ጊዜ መጽሔቱን አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ ተቀምጫለሁ። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሻንጣው ውስጥ የአባቱን ቡጢ ይዞ ነው የሚመጣው ማለት እኮ ነው!

ጉዳቱ እንዴት እንደሚሠራ እስኪ በቀን ተቀን ኑሮ እንየው። ልጅቷ የተጎዳችበትን ቀን ለማንም አትናገርም፤ ታጥባ ትተኛለች። ማስረጃው በዚያው ታጠበ። በሁለተኛው ቀን ክፍል ትቀራለች፤ ልጁ እዚያው ክፍል ነዋ። በሳምንቱ ላይብረሪ መሄድ ትተዋለች፤ መንገዱ ይጨልማላ። ምግብ ቤት ሰው በሚያንስበት ሰዓት ትሄዳለች፣ ወይም ጭራሽ አትሄድም። ሌሊት እንቅልፍ የላትም። ሚድ ይመጣል፣ ትወድቃለች። ወር አበባዋ ሲቀር የሚይዛት ፍርሃት ደግሞ ለብቻው ነው፤ የኤች አይ ቪው ፍርሃት ለብቻው ነው። በሴሚስተሩ መጨረሻ የተባረሩት ስም ሲለጠፍ ስሟ አለ። ያኔ ቦርዱ ሥር የቆመው ወንድ «አልኩህ እኮ፣ በሴት ነጥብ የገባ አይዘልቅም» ይላል። አያችሁ? ጥቃቱ ስንፍና ተብሎ ተመዘገበ። ስንቶቹ «ሰነፍ» ሴቶች በዚህ መንገድ እንደወጡ የየሬጅስትራሩ መዝገብ አይነግረንም፤ መዝገቡ ላይ «አካዳሚክ ዲስሚሳል» ነው የሚለው።

ቤተሰቧ ጋ ስትመለስስ? አባቷ «ያን ያህል ገንዘብ አውጥቼብሽ» ይላታል። ለእናቷ ብትናገር እናቷ ታለቅሳለች፤ ከዚያ «ለማንም እንዳትናገሪ» ትላታለች። ታናሽ እህቷ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ሩቅ አገር ስትመደብ «አትሄጂም፣ የእህትሽን አላየንም?» ትባላለች። ሁለት ሴት ከትምህርት ወጣች። ያው ልጁስ? ተመርቋል፤ ሥራ ይዟል፤ ምናልባትም ዛሬ የሌሎች ሴቶች አለቃ ነው። ማንም ያላስቆመው ሰው የት ላይ ይቆማል?

በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ ታክሲ ገብታ ተወስዳ፣ ለቀናት ተይዛ፣ በብዙ ወንዶች ተደፍራ፣ ሆስፒታል ውስጥ ሕይወቷ አለፈ። አገር ተንጫጫ። አምስት ወንዶች ጥፋተኛ ተባሉ። ያን ጊዜ ሁላችንም አለቀስን፤ ደግ አደረግን። ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር። እኛ የምንንጫጫው ስትሞት ነው። በሕይወት ተርፋ «እንዲህ ሆንኩ» ብላ ብትመጣ ኖሮ ስንቶቻችን ነን «ለምን ታክሲ ገባሽ? ምን ለብሰሽ ነበር?» የማንላት? ከ1960 ዓ.ም. ዕንቁላል እስከዛሬ ያ ጥያቄ አልተለወጠም።

ምን ይደረግ? እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ የታዘብኩትን ነው የምናገረው። መጀመሪያ፣ ይህን የምታነቡ ወላጆች፣ ልጃችሁ ምደባ ሲደርሳት ከብርድ ልብሱና ከበሶው ጋር አንድ ነገር ንገሯት። «ምንም ቢደርስብሽ ወደ ቤት መመለስ ትችያለሽ፣ አንቺን አንወቅስም» በሏት። ይህ ቃል ከማንኛውም ዘበኛ በላይ ይጠብቃታል። የደረሰባት ልጅ ሳትታጠብና ልብሷን ሳትቀይር ጤና ተቋም ብትሄድ ማስረጃው ይገኛል። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቶሎ በሆነ ቁጥር ደግሞ የተሻለ ነው የሚሠራው። የድንገተኛ እርግዝና መከላከያም እስከ አምስት ቀን ድረስ አለ። አዲስ አበባ ላለች ሴት በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና ምክሩን በአንድ ቦታ የምታገኝበት ማዕከል ተከፍቷል፤ በሌሎች ከተሞችም ተመሳሳዮቹ አሉ። ጊዜው ካለፈም ደግሞ «አበቃልኝ» አትበል፤ ሕክምናውም ክሱም በቀናት አያልቅም።

ለወንዶች ልጆቻችንም የምንነግረው አለ። «ደፋር ሁን» ስንለው ምን ላይ እንደሆነ እንንገረው። ጓደኛው በር ሲቆልፍ «ተው፣ ክፈት» ማለት ድፍረት ነው።

ሽማግሌዎችም፣ በተለይ እንደ እኔ ያለ ጋቢ የለበሳችሁ የግቢ ሽማግሌዎች፣ ይህ የእናንተ ጉዳይ አይደለም። የተበደረውንና ያበደረውን አስታርቁ፤ የተሰዳደበውን አስታርቁ። ወንጀል ግን በሻይ አይታረቅም። የአገር ልጅ መሆን የአገር ልጅን መሸሸጊያ ከሆነ፣ እሷስ የማን አገር ልጅ ናት?

በ1998 ዓ.ም. ለሥራ ወደ አንድ ከተማ ስሄድ አውቶቡሱ ለምሳ የቆመበት ቦታ አንዲት ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ገባሁ፤ እስክሪብቶ ፈልጌ። ባለሱቋ እሷ ነበረች። አወቀችኝ፣ አወቅኋት። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ስለ አገር ቤት ጠየቀችኝ፣ ስለ ዝናቡ ተነጋገርን። ከዚያ «ተመረቃችሁ አይደል ሁላችሁም?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም። እስክሪብቶውን በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ ገንዘቡን አልቀበልም አለች። ሹፌሩ ክላክስ ሲያደርግ ወጣሁ።

ያን ቀን ማለት የነበረብኝን ዛሬ እጽፋለሁ። ጥያቄሽን ሰምቼዋለሁ። ያኔም ሰምቼዋለሁ። ትመረቂ ነበር። ያስቀረንሽ እኛ ነን።